ባትሪው ላይ የሚበዛ፣ መብራቱ ላይ የሚያንስ ቮልት፦ በድሮ ሞተርሳይክል ላይ ተከታትሎ ስለ ማግኘት

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ «በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር) የተሠራ፣ ባለ 4 ሲሊንደር የጃፓን ሞተርሳይክል አለኝ። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻው በርቶ ይቀራል እንጂ ብልጭ ድርግም አይልም፣ ክላክሱም ድምፁ የታፈነ ነው። ባትሪው አዲስ ሲሆን ቁልፉ ሳይከፈት 12.7 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ባትሪው ላይ 12.3፣ ቦቢናው (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ጥቅልል) ላይ ግን 10.6 ቮልት ለካሁ። በደቂቃ 4000 ዙር ሳደርሰው ባትሪው ላይ 15.2 ይደርሳል፤ የባትሪው ውሃም ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ሬጉሌተሩን (የመሙያውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ዕቃ) በአዲስ ብቀይረውም ለውጥ አላገኘሁም። ቀጥሎ የምቀይረው ዲናሞውን ነው ወይስ የኤሌክትሪክ መስመሩን በሙሉ?»

ለጊዜው ሁለቱንም አይቀይሩ። የሚፈልጉት መልስ በጻፏቸው ቁጥሮች ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፤ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ለክተው በማቅረብዎም ሥራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ባትሪው ላይ 12.3 ቮልት እያለ ቦቢናው ላይ የደረሰው 10.6 ብቻ ከሆነ፣ በመካከሉ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ቮልት የቀረው ዲናሞው ስለደከመ አይደለም፤ ዲናሞው ቢደክም ኖሮ ባትሪው ራሱ እየወረደ ይሄድ ነበር እንጂ ባትሪው ደኅና ሆኖ ቦቢናው ብቻ አይራብም ነበር። ስለዚህ ብልሽቱ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ቦቢናው በሚደርሰው መስመር ላይ፣ ምናልባትም በአንድ ወይም በሁለት መገናኛዎች ላይ ነው።

ባትሪው ላይ የታየው 15.2 ቮልት ከዚህ ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ከመጠን በላይ እየተሞላ መብራቱ ሲደበዝዝ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች እንዳሉ ይታሰብና ለአንዱ ሬጉሌተር፣ ለሌላው ዲናሞ ይገዛል። እኔ እንደማየው ግን የእርስዎ ችግር አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ በቀረበው ሆንዳ ሲቢ750 እና ይህንኑ አሠራር በተከተሉ ሞተርሳይክሎች ላይ ዲናሞው ቋሚ ማግኔት የለውም። መግነጢሱን የሚፈጥረው ፊልድ ኮይል የሚባለው ጥቅልል ሲሆን፣ በጥቅልሉ ውስጥ ምን ያህል ከረንት እንደሚያልፍ የሚወስነው ሬጉሌተሩ ነው። ሬጉሌተሩ ይህን የሚወስነው የባትሪውን ቮልት እያየ ነው ብንልም፣ በእርግጥ የሚያየው የባትሪውን ጫፍ ሳይሆን ከማስነሻ ቁልፉ በኋላ የሚመጣውን ጥቁር ሽቦ ነው። ባትሪው ላይ 15.2 ሲሆን በዚያ ጥቁር ሽቦ ላይ የሚደርሰው ወደ 13.6 ብቻ ከሆነ፣ ሬጉሌተሩ «ባትሪው ገና አልሞላም» ብሎ ዲናሞውን መገፋፋቱን ይቀጥላል። ስለዚህ መብራቱን ያደበዘዘውና የባትሪውን ውሃ የሚያፈላው ያው አንድ የተበላሸ መገናኛ ነው። አዲሱ ሬጉሌተር ለውጥ ያላመጣውም አሮጌው ጤነኛ ስለነበረ ይመስለኛል፤ አይጣሉት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ በጥብቅ መስጠት እፈልጋለሁ። የዚያ ዘመን ሜካኒካል ሬጉሌተር የስፕሪንግ ማስተካከያ ስላለው፣ 15.2 ያየ ሰው ማስተካከያውን አዙሮ ባትሪውን ወደ 14.2 ለማውረድ ይፈተናል። ይህ ለጊዜው የተሳካ ይመስላል። በኋላ ግን መገናኛው ሲጸዳና የጠፋው ቮልት ሲመለስ፣ ባትሪው ከ13 ቮልት በታች ይቀርና በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ባለቤቱም ሌላ አዲስ ብልሽት የተፈጠረ ይመስለዋል። ስለዚህ የመስመሩ ብክነት ሳይስተካከል ሬጉሌተር አይነካም።

ቁልፉ ሳይከፈት የሚለካ ቮልት ስለ ባትሪው እንጂ ስለ መስመሩ ምንም አይነግረንም። ዲጂታል ቴስተር ከመስመሩ የሚስበው ከረንት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከብዙ ክሮቹ አንዷ ብቻ የቀረችለት ሽቦ እንኳ በቴስተር ሲታይ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል፤ የፊት መብራቱን ሲያበሩበት ግን ይወድቃል። የኦም መለኪያውም እዚህ ላይ አይረዳም። የእርስዎን ሁኔታ እንደ ምሳሌ እንውሰድ፦ የፊት መብራቱ ወደ 4 አምፒር፣ የኋላና የዳሽቦርድ መብራቶቹ ወደ 1፣ ቦቢናዎቹ ወደ 3፣ ፊልድ ኮይሉ ደግሞ ወደ 2 አምፒር ይወስዳሉ ብንል፣ በጠቅላላው 10 አምፒር ያህል በዚያ መስመር ያልፋል። በ10 አምፒር 1.7 ቮልት የሚያስቀር ሬዚስታንስ 0.17 ኦም ብቻ ነው። የቴስተሩ የራሱ ሽቦዎች ሲነካኩ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ማሳየታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን ያህል ትንሽ ነገር በኦም መለኪያ ለይቶ ማየት አይቻልም። በአንጻሩ ያቺው 0.17 ኦም በ10 አምፒር 17 ዋት ሙቀት ታመነጫለች፤ ይህ ሙቀት በአንድ ትንሽ የመዳብ ጫፍ ላይ ሲከማች ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል።

የ1.7 ቮልት መጥፋት ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ጉዳቱ ትልቅ ነው። ባለ ክር አምፖል ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ የሚቀንሰው በ30 በመቶ ያህል ነው። ቦቢናውም ለካንዴላው የሚያከማቸው ኃይል ከሚያልፍበት ከረንት ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ከ12.3 ወደ 10.6 መውረዱ የእሳቱን ኃይል ሩብ ያህል ያሳጣዋል። በጥያቄዎ አላነሱትም እንጂ፣ ሞተሩ በቀዝቃዛ ጠዋት ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ ወይም በሚኒሞ አልፎ አልፎ የሚያመልጥ ከሆነ ካርቡሬተሩን ከመፍታትዎ በፊት ይህን ያስቡ።

እንግዲህ ወደ ልኬቱ እንሂድ። ዘዴው የቮልት ብክነትን በጭነት ላይ መለካት ይባላል። ቴስተሩን በቀጥተኛ ከረንት 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፣ ቁልፉን ይክፈቱ፣ የፊት መብራቱን ያብሩ፣ ሞተሩን አያስነሡ። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ሲከፈት ፑንቲናው (የቦቢናውን ከረንት የሚከፍተውና የሚዘጋው ነጥብ) ተገናኝቶ የቆመበት ቦቢና ያለማቋረጥ ከረንት ስለሚያልፍበት ይግላል፤ ስለዚህ ልኬቱን በአንድና በሁለት ደቂቃ ጨርሰው ቁልፉን ይዝጉ፣ ጥቂት ቆይተው እንደገና ይቀጥሉ። ከዚያ ቀይ መለኪያውን በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ ያስነኩ፤ በተገጠመለት ገመድ ላይ ሳይሆን በባትሪው በራሱ ጫፍ ላይ ማለቴ ነው፤ በጫፉና በገመዱ መካከልም ብክነት ሊኖር ይችላልና። ጥቁሩን መለኪያ ደግሞ ወደ ማሳ (በሻንሲው በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ወደሚመለሰው መንገድ) ሳይወስዱት ከረንት በሚገባበት የቦቢና ጫፍ ላይ ያስነኩ። አሁን ቴስተሩ የሚያሳየው በሁለቱ ነጥቦች መካከል የጠፋውን ቮልት ብቻ ነው። ጤነኛ መስመር ከዳር እስከ ዳር ከ0.5 ቮልት በላይ ማባከን የለበትም። የእርስዎ ወደ 1.7 የሚጠጋ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ።

ቀዩን መለኪያ እዚያው ባትሪው ላይ ትተው ጥቁሩን ከቦቢናው ጀምረው ወደ ባትሪው አንድ በአንድ ያቅርቡት። ከረንቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው፦ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው) ሪሌው ወፍራም ጫፍ፣ ከዚያ በቀዩ ሽቦ ወደ ዋናው ፊውዝ፣ ከፊውዙ ወደ ማስነሻ ቁልፉ፣ ከቁልፉ በጥቁሩ ሽቦ ወደ መብራቶቹና ወደ ሬጉሌተሩ፣ እንዲሁም በመሪው ላይ ወዳለው ሞተር ማጥፊያ፣ ከማጥፊያው ወደ ቦቢና። እያንዳንዱን መገናኛ ሳይነቅሉ ከጀርባው በኩል በቀጭን መርፌ ያስነኩት፤ ነቅለው መልሰው ከሰኩት ዝገቱ ለጊዜው ይፋቅና ብልሽቱ ለሁለት ሳምንት ይደበቅብዎታል። ጥቁሩን መለኪያ ከማጥፊያው በፊት ወዳለው ሽቦ ሲያመጡት ቁጥሩ ከ1.7 ወደ 1.5 ከወረደ፣ በማጥፊያው ላይ የሚጠፋው 0.2 ነው። ከማስነሻ ቁልፉ መግቢያ ላይ 0.6 ካነበቡ፣ ቁልፉና ከእሱ ወዲህ ያለው መገናኛ ብቻቸውን 0.9 በልተዋል። ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው። እንደ መመዘኛ፣ ለአንድ መገናኛ ከ0.1 በታች፣ ለአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ከ0.2 በታች ቢሆን ይበቃል። ሽቦው ራሱ ጥቂት እንደሚያባክን አይዘንጉ፤ 1 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በሜትር ወደ 0.017 ኦም ስላለው፣ 2 ሜትሩ በ10 አምፒር ወደ 0.35 ቮልት ይወስዳል። ቀሪው ሁሉ ግን የሽቦው ሳይሆን የመገናኛዎቹ ዕዳ ነው፤ መስመሩን በሙሉ ከመቀየርዎ በፊት ይለኩ የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከልምዴ ብናገር፣ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የዋናውን ፊውዝ መያዣ ነው። የድሮው የብርጭቆ ፊውዝ በሁለት የስፕሪንግ ጣቶች መካከል ይቀመጣል፤ ጣቶቹ በዓመታት ሙቀት ጥንካሬያቸውን ሲያጡ ፊውዙ ሳይቃጠል ግንኙነቱ ይላላል። ቁልፉን ከፍተው መብራቱን ለአንድ ደቂቃ ካበሩ በኋላ ፊውዙን በጣትዎ ይንኩት፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ ጣት የሚያስነሣ ከሆነ ግን ከብክነቱ አንዱን አግኝተዋል። ፊውዙን አውጥተው ጫፎቹን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። የተነካካው ቦታ ብሩህ ሆኖ መታየት ሲገባው ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቀለበት ከያዘ፣ ከመያዣው ጀርባ ያለው ፕላስቲክም ጠርዙ ቀልጦ ከተጠቀለለ፣ ጣቶቹን በፒንሳ ማጥበቅ አይበቃም። በጠፍጣፋ ዘመናዊ ፊውዝ መያዣ፣ በዚያው የአምፒር መጠን ይቀይሩት። ከተጻፈው በላይ የሆነ ፊውዝ ግን በምንም ምክንያት አያስገቡ፤ ፊውዙ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው።

ሁለተኛው የማስነሻ ቁልፉ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የኖረ ቁልፍ ውስጡ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ በፋብሪካ የተቀባው ግሪስ ደርቆ እንደ ሰም ጠጥሯል፣ የመዳብ ነጥቦቹ ጠቁረዋል፣ አንደኛዋ ነጥብም ከእሳት ብዛት ተቦርቡራለች። ከጀርባው ያለው ክዳን በትናንሽ ምላሶች የተያዘ ከሆነ በቀጭን ካቻቪቴ ቀስ ብለው ምላሶቹን እየገፉ ያውጡት፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ስፕሪንጎችና ኳሶች እንዳይበተኑ ሰፋ ባለ ነጭ ጨርቅ ላይ ይሥሩ፣ ከመበተኑም በፊት ፎቶ ያንሡት። ግሪሱን በኤሌክትሪክ ማጽጃ ፈሳሽ ያጥቡ፣ መዳቡን በጣም ልሙጥ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙ እስኪመለስ ብቻ ይፈትጉ፣ ከዚያ ስስ የኤሌክትሪክ ግሪስ ቀብተው ይግጠሙት። ነጥቡ የተቦረቦረ ከሆነ ማጽዳቱ ለጊዜው ብቻ ስለሚያገለግል ሌላ ቁልፍ ይፈልጉ። በመሪው ላይ ያለው ሞተር ማጥፊያም በተመሳሳይ መንገድ ይጸዳል፤ ዝናብ የሚያገኘው ስለሆነ አረንጓዴ ዝገት ቢያገኙበት አይገረሙ።

በፊት መብራቱ ቆብ ውስጥ የተከማቹት ክብ ማገናኛዎች ሦስተኛዎቹ ናቸው። እነዚህን አንድ በአንድ መንቀል ካስፈለገ ሽቦውን ይዘው ሳይሆን ማገናኛውን ራሱን ይዘው ይሳቡ። ወንዴው ጫፍ ጠቁሮ ካዩት በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ ሴቴው ጫፍ ግን ውስጡ ስለማይደረስበት ከላላ መቀየር ይሻላል። ከማገናኛው አጠገብ ያለው ሽቦ ጠንክሮ እንደ ጭራሮ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ሙቀት ያለፈበት መሆኑን ይረዱ። ልባሱን ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ላጥ አድርገው መዳቡን ይመልከቱ፤ ጥቁር ከሆነ ቀይ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ይቁረጡት። ጥቁር መዳብ በሊድ አይያዝም፣ በፒንሳ ቢጨመቅም መልካም ግንኙነት አይሰጥም። አዲስ ጫፍ ሲያስገቡ በልኩ በተሠራ መጭመቂያ ይጨመቅ፤ በሊድ ብቻ የተበየደ ጫፍ በሞተርሳይክል ንዝረት ምክንያት ብየዳው ባለቀበት መስመር ላይ ይሰበራል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ፖዘቲቩ ወገን ነው፤ የመመለሻው መንገድ፣ ማሳ የምንለው፣ ከዚህ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። ቀዩን መለኪያ በአምፖሉ የማሳ ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ነጌቲቭ ጫፍ ላይ አድርገው መብራቱን ያብሩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ የማሳ ብልሽት አለ። አንድ ጊዜ ያጋጠመኝን ልንገርዎ። ሞተርሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም መብራቱ ደኅና ይበራል፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ይደበዝዛል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይመለሳል። ባለቤቱ መሪው ሲዞር የሚሳብ ሽቦ አለ ብሎ መስመሩን ሁሉ ፈታትቶ ነበር። መለኪያዬን በመብራቱ ቆብና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል አድርጌ መሪውን ሳዞር ቁጥሩ ከ0.3 ወደ 1.9 እየዘለለ ይመለሳል። ከመብራቱ ቆብ የሚወጣው አረንጓዴ የማሳ ሽቦ ከጥንት ተቆርጦ ስለነበር፣ ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመሪው አንገት ኩሽኔታ ኳሶችና በግሪሱ ውስጥ ነበር። አንድ ክንድ የማትሞላ ሽቦ ከቆቡ ወደ ሻንሲው ስንዘረጋ ነገሩ ተፈጸመ፤ ኩሽኔታውም በከረንት ከመበላት ዳነ። በእርስዎም ሞተርሳይክል ላይ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ከሻንሲውና ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ብሎን ይፍቱት፣ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ፍቀው ያጥብቁት። ሻንሲው እንደ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ ይህን ከሁሉ በፊት ያድርጉ፤ ቀለም ከረንት አያስተላልፍምና።

መገናኛዎቹ ሁሉ ጸድተው ብክነቱ 0.4 ቢደርስ በዚያ መርካት ይቻላል። ብዙ ባለሙያዎች ከዚህ አልፈው ለፊት መብራቱና ለቦቢናዎቹ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ተቀስቅሶ ትልቁን ከረንት የሚያሳልፍ ማብሪያ) ያስገባሉ፤ እኔም እደግፈዋለሁ፣ ነገር ግን ብልሽቱ ከተገኘ በኋላ እንጂ ብልሽቱን ለመሸፈን አይደለም። ሪሌው በፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው ከረንት ይቀበላል፣ የድሮው ቁልፍ የሚያስተላልፈው ሪሌውን የሚቀሰቅሰውን ከ0.2 አምፒር የማይበልጥ ከረንት ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሬጉሌተሩ ጥቁር ሽቦ በቁልፉ በኩል ብቻውን ከቀረ፣ በእሱ የሚያልፈው የፊልድ ኮይሉ 2 አምፒር ያህል ስለሆነ የሚያየው ቮልት ለእውነቱ ይቀርባል፤ ሽቦውን ከሪሌው መውጫ ጋር ማገናኘት ግን ይበልጥ ትክክል ነው።

ከጥገናው በኋላ የመሙያውን ቮልት እንደገና ይለኩ። ባትሪው ሞልቶ ሞተሩ ሲሞቅ፣ በ4000 ዙር ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል ማንበብ አለብዎት። በሚኒሞ የሚያዩት 12.3 ግን ብልሽት አይደለም፤ የዚያ ዘመን ዲናሞ በሚኒሞ ከሚጠፋው ያነሰ ስለሚያመነጭ ባትሪው ጥቂት ይሰጣል፣ ዙሩ ከ2000 ሲያልፍ ይቀበላል። የባትሪው ነገር ግን ያሳስበኛል። 15.2 ቮልት ለ6 ሴሎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ2.5 በላይ ይደርሳል፤ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መለወጥ በብዛት የሚጀምረው ግን 2.4 አካባቢ ነው። ሳህኖቹ ከፈሳሹ በላይ ተጋልጠው ከነበረ ባትሪው ሊጎዳ ይችላል። በተጣራ ውሃ ብቻ እስከ ምልክቱ ሞልተው፣ ቀስ ብሎ በሚሞላ ቻርጀር ሞልተው ለአንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ጠዋት 12.6 ከያዘና ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 በታች ካልወረደ ገና ያገለግላል። ወደ 10.5 ወርዶ የሚቆም ከሆነ ከሴሎቹ አንዱ ሞቷል። ሃይድሮጅኑ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሆነ በባትሪው አጠገብ እሳት አያስጠጉ፣ ገመዱን ሲፈቱም ነጌቲቩን አስቀድመው ሲገጥሙ ያስከትሉት።

የመስመሩ ብክነት ተስተካክሎም 4000 ዙር ላይ ከ13 ቮልት በላይ ካልወጣ፣ ያን ጊዜ ብቻ ወደ ዲናሞው እንሄዳለን። ቁልፉን ከፍተው የካቻቪቴ ጫፍ ወደ ዲናሞው ክዳን ያስጠጉ፤ ፊልድ ኮይሉ ከረንት እያገኘ ከሆነ መግነጢሱ ካቻቪቴውን ሲስበው በእጅዎ ይሰማዎታል። ከዚያ ሦስቱን ቢጫ ሽቦዎች ከሬክቲፋየሩ (የዲናሞውን ተለዋዋጭ ከረንት ወደ ቀጥተኛ ከሚቀይረው ዕቃ) ይንቀሉና በመካከላቸው ጥንድ ጥንዱን በኦም መለኪያው ይለኩ፤ ሦስቱም ልኬቶች እኩል መሆን፣ ከሦስቱም አንዱ ከማሳ ጋር አለመገናኘት አለበት። የሬክቲፋየሩ ስድስት ዳዮዶች በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ማሳየት፣ በሌላው አቅጣጫ ምንም አለማሳየት ይኖርባቸዋል።

ሞተርሳይክሉ ቆሞ ሲያድር ባትሪው የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ዘግተው ነጌቲቭ ገመዱን ይፍቱና ቴስተሩን በአምፒር መለኪያው በገመዱና በባትሪው መካከል ያስገቡ። ኤሌክትሮኒክ ዕቃ በሌለው የድሮ ሞተርሳይክል ላይ ዜሮ ሊነበብ ይገባል። 100 ሚሊአምፒር ብቻ ቢያፈስ እንኳ ባለ 14 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በ6 ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪም ወደ ኋላ የሚያፈስ ሬክቲፋየር ነው።

ይህን ጽሑፍ ሌላ ዓይነት ሞተርሳይክል ያላቸውም ሊያነቡት ስለሚችሉ ጥቂት ልጨምር። በብዙ የድሮ እንግሊዝ ሞተርሳይክሎች ላይ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው ፖዘቲቩ ስለሆነ ልኬቱ ያው ሆኖ የመለኪያዎቹ ቦታ ይገለበጣል። በ1970ዎቹ ቢኤምደብሊው ቦክሰሮች ላይ ዲናሞው የመጀመሪያውን ከረንት የሚያገኘው በዳሽቦርዱ የቻርጅ አምፖል በኩል ነውና፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ ሳለ መሙላት ሊያቆም ይችላል። ባለ 6 ቮልት ሞተርሳይክል ለተመሳሳይ ዋት እጥፍ አምፒር ስለሚያሳልፍ፣ የተፈቀደውን ብክነት በግማሽ ይቀንሱ፤ እዚያ 0.5 ቮልት ማጣት ብዙ ነው።

አሁን ከእርስዎ የምፈልገው አራት ቁጥሮች ናቸው፦ ቁልፉ ተከፍቶ መብራቱ በርቶ ሳለ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፊውዙ መውጫ፣ ከፊውዙ መውጫ እስከ ቁልፉ መውጫ ጥቁር ሽቦ፣ ከጥቁሩ ሽቦ እስከ ቦቢናው፣ እንዲሁም ከፊት መብራቱ ማሳ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ የጠፋው ቮልት። ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ምንም ሳይነቅሉ ይለኳቸውና ይጻፉልኝ፤ የትኛውን መገናኛ አስቀድመው እንደሚፈቱ ያን ጊዜ በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ።